ሐጂ አብዱሰመድ የደፈኑት ቀዳዳ

የሞጣ ብርድ ሲነሣ ድንጋይ ያስነጥሳል። ሐጂ አብዱሰመድ ከዚህ ብርድ ጋር የያዙት ጠብ ግን ሰባት ሽማግሌ የማያበርደው ነበር፤ የባለቤታቸውን የዑሙሰልማን ጉልበትና ጣት ደፍሮባቸዋላ! እሳቸውም ቢቸና ድረስ ወርደው የጋዝ ማሞቂያ ገዙ። አውቶቡስ ላይም ትርፍ ቲኬት ቆርጠውለት፣ ካርቶኑን እንደ ሙሽራ ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ሐጂ፣ ይህ ወንበር ሰው አለው?» አለች አንዲት ወጣት።

«ከሰው የበለጠ አለው፤ ሒሳቡም ተከፍሏል።»

ወጣቷ የካርቶኑን ጽሑፍ አንብባ ሣቀች። «እኔ እኮ የምተክለው ይህንኑ ነው!»

ብሩክታይት ትባላለች፤ የቢቸና ልጅ ናት፣ የጋዝ መሣሪያ ተከላ ተምራለች። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ወይፈን የሚያህለውን ካርቶን ጭናቸው ላይ ጎትተው ወንበሩን ለቀቁላት። እስከ ሞጣ እግራቸው ቢደነዝዝም፣ ማሞቂያውን እንድትተክልላቸው ተስማምተው ወረዱ። ባለሙያ ከሰማይ ወርዳላቸው ማን ያማርራል?

ቤት ሲደርሱ ዑሙሰልማ በልብስ ስፌት ክፍሏ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ከሰል እግሯ ሥር አድርጋ መኪናዋን ትረግጣለች። ብሩክታይት መፍቻ ከማንሣቷ በፊት የመመሪያውን ወረቀት ዘረጋች።

«ባለሙያ እጁ ያውቃል እንጂ ወረቀት ያያል?» አሉ ሐጂ።

«የቅኔ መምህርም መጽሐፍ ይገልጣል፣ ሐጂ። ከዚህ ቃል ብወጣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መሣሪያው የሚሠራበት ጋዝና ሐጂ አስቀድመው ያስመጡት ሲሊንደር ውስጥ ያለው አንድ መሆኑን አየች። ሲሊንደሩን ውጭ፣ አየር የሚያገኘው ቦታ አቆመች። ማሞቂያው የሚሰቀልበትን አግዳሚ እንጨት ተንጠልጥላ ፈተነችው፤ የጨርቁንም ክምር አራቀች።

«ከራሷ በላይ ስቀይው፣ ደኅና አርጎ እንዲሞቃት።»

«ከራሳቸው በላይማ አይሆንም። ፈንጠር ብሎ ወደ እሳቸው ይነፍሳል።»

የጋዙ ቱቦ ሲገጠም ሐጂ ክብሪት አወጡ። «ጋዙ ያፈስ እንደሆነ በዚህ ይታያል።»

«ይታያል፤ የሚያየው ሰው ነው የማይተርፈው!» ክብሪቱን ተቀብላ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባች። አረፋው ዝም አለ፤ የሚያፈስ መጋጠሚያ አልነበረም። «አሁን የጭስ ማውጫውን ወደ ውጭ ላወጣ ነው። ለአየር ደግሞ አንድ ቀዳዳ ከላይ፣ አንድ ከታች እከፍታለሁ።»

ቀዳዳ! በሐጂ ቤት ቀዳዳ ማለት የሸይጧን በር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጉንዳን የሚያልፍበት ሽንቁር ሳይቀር በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀዋል።

«ወላሂ አይከፈትም! ነፋስ ሊመታት ነው?»

«እንግዲያው አላበራም።»

«ቤቱ የእኔ፣ ኃላፊነቱም የእኔ!»

«ቤቱ የእርስዎ ነው፤ የሚለኩሰው እጅ ግን የእኔ ነው፣ ሐጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» መፍቻዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ልትወጣ ስትል ዑሙሰልማ ግንባሯን ስትዳብስ አየቻት። «እማማ፣ ራስዎን ያመዎታል?»

«ትንሽ ነው ልጄ። ከቀትር በኋላ ይይዘኛል።»

«ነፋሱ ነዋ!» አሉ ሐጂ።

«ከዚህ ክፍል ሲወጡስ?»

ዑሙሰልማ ባሏን አየት አድርጋ አቀረቀረች። «ግቢ ስወጣ ይለቀኛል።»

ብሩክታይት ወደ ከሰሉ አመለከተች። «ሐጂ፣ እሳት አየር ይበላል። የተደፈነ ቤት ውስጥ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ይተዋል።»

«ጭስ የለው!» አሉ ሐጂ። «ፍም እስኪሆን ውጭ አቀጣጥዬ ነው የማስገባው።»

«ጭሱማ ይታያል፤ መርዙ ነው የማይታየው። ጋዙም አየር ካጣ ያው ነው። ነፋስ ብርቱ ቢሆን ያስነጥሳል፤ ይህኛው ግን አስተኝቶ ያስቀራል።»

ሞጣ ገበያ መካከል አሥር ሰው በአንድ ቃል የሚረቱት ሐጂ አብዱሰመድ ክርክሩን ትተው ከሰሉን አዩት። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትደፍን ደስ ይልህ ነበራ» አለች ዑሙሰልማ፣ በቀስታ። «ለእኔ ብለህ።»

አንዳንድ ፍቅር እንዲህ ነው፤ ወዳጁን አቅፎ ትንፋሽ ይነሣዋል። ባለሙያ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ባለቤቱ ቢቆጣም ትክክሉን ይዞ የሚቆም። ሐጂ ከሰሉን ራሳቸው አወጡ፤ በርጩማ ላይ ወጥተው ጨርቁን አንድ በአንድ ነቀሉ። የግድግዳውን ጭቃም መሮ ይዘው ራሳቸው በሱት።

ማሞቂያው ሲበራ ብሩክታይት ነበልባሉን አየች፤ ጭሱ በማውጫው ወደ ውጭ መውጣቱንም አረጋገጠች። ባልና ሚስቱን በየተራ አስበርታ አስጠፋቻቸው፤ ሽታ ከመጣ ምን እንደሚዘጋ አሳየቻቸው፤ በየዓመቱ እንዲያስመረምሩት አሳሰበች፤ መመሪያውንም በዑሙሰልማ እጅ አኖረች።

በማግስቱ ሐጂ ለጎረቤታቸው ለአቶ ስጦታው ሲያስረዱ፣ ትምህርቱን ራሳቸው የፈጠሩት ይመስሉ ነበር። «ስማ! በመመሪያው የተተከለ ማሞቂያ ቤት ያሞቃል፣ ጨርቅ አያቃጥል፣ ሰው አይመርዝ። ቀዳዳው ብርድ የሚያስገባ ይምሰልህ እንጂ ሞት የሚወጣበት ነው። በክብሪት የሚፈትንልህን፣ ቀዳዳ ልክፈት ሳይል የሚለኩስልህን ደግሞ ከደጅህ መልሰው!»

ከቀትር በኋላ፣ ሕመሙ በሚመጣበት ሰዓት፣ ከዑሙሰልማ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጀመረሽ?»

«አልጀመረኝም።»

ጥቂት ቆይተው፣ «አሁንስ?»

«የለም አልኩህ።»

«ደኅና አርገሽ አዳምጪው እስቲ።»

«ኧረ አብዱሰመድ፣ ተወኝ ልስፋበት!» አለች። ጋቢዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ የመኪናዋ ድምፅ ግቢውን ሞልቶት ነበር።