የእትዬ ተሾመች እጅ

የተከበራችሁ የላፍቶ ጎረቤቶች፣ የእድሩ አባቶችና እናቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቿና እህቶቿ፣ ዝማሬ እህቴ፤ ፀሐዩ እንደከበዳችሁ አያለሁ። እኔም ደክሞኛል፤ አላስረዝምም። ሃሩን እባላለሁ። ዛሬ ከምንሸኛት ከእትዬ ተሾመች ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ።

ሥራዋ ምን ነበር? «ትንኝ ታረባለች» ስትሉ እሰማለሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ትንኝ ደም ስትጠጣ ክብደቷ እጥፍ ይሆናል። እንዲያ ከብዳ እንዴት ትበራለች? ከጭንቅላቷ ሆርሞን ይለቀቃል፤ ሆዷ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ትርፉን ውሃና ጨው ያስወጣሉ። ገና እየጠጣች ሸክሟን ታራግፋለች። እትዬ እነዚያን ቱቦዎች በመርፌ ጫፍ ሳትበጥስ ታወጣ ነበር። ጨው ባለው ውሃ ጠብታ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች፣ ሆርሞን ትጨምራለች፣ የሚወጣውን ትለካለች። እንደዚያ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት ቱቦዎቹ ዝም አሉ። ሆርሞን ቢጨመርም የሚወጣ ነገር ጠፋ። ለስድስት ሳምንት የሚበቃውን ጨዋማ ውሃ በአንዴ የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። እትዬ ጣቷን ነክራ ቀመሰችውና «ሃሩኔ፣ ጨው በዝቶበታል» አለችኝ። «በምላስ ነው እንዴ የሚለካው?» ብዬ ሳቅኩባት።

የስድስት ሳምንት ሥራ ተጣለ። አለቃችን ዶክተር ነገሪ ስብሰባ ጠሩ። ምን ተባለ? «የተሾመች እጅ አርጅቷል፤ ቱቦዎቹን እየቀደደች ነው» ተባለ። ከማይክሮስኮፑ ተነስታ ጠርሙስ ማጠብ ላይ ተመደበች። በማግስቱ ደብተሬን ሳይ ጨዉ ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ ሁለቴ ጨምሬዋለሁ። ውሃውን ስበጠብጥ ስልክ ተደውሎልኝ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ረስቼ ደገምኩት። መናገር አልነበረብኝም? ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

አንድ ቀን የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን «ጨዉን አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«እንግዲያው አንተው ራስህ ትናገራለህ» አለች።

እሷ መናገር አትችልም ነበር? ትችል ነበር። ግን አራት ዓመት ጠርሙስ እያጠበች ጠበቀችኝ። ባለፈው ወር ታመመች። ሆስፒታል ሄጄ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ያን ቀንም ስለ አየሩ አውርቼ ተመለስኩ።

ዶክተር ነገሪ፣ እዚህ ቆመዋል። ጨዉን ያበዛሁት እኔ ነኝ። ዝማሬ፣ የእናትሽ እጅ አልተሳሳተም፤ አላረጀምም። ሁላችሁም ስሙልኝ።

እትዬ፣ ይኸው ተናገርኩ። ቀለለኝ ብል እዋሻለሁ። በጣም ዘገየሁብሽ።

በይ እንግዲህ፣ ደህና ሁኚ። ትናንት የተጠራቀሙት ጠርሙሶች የላቦራቶሪው ገንዳ ውስጥ አሉ። ነገ እኔ አጥባቸዋለሁ።