አራተኛው ብርጭቆ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረታ የወጡት የቢራ ፋብሪካ ቀማሽ አቶ ጥላዬና የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ረድኤት በአንድ ቢራ ቤት በረንዳ ላይ አራት ብርጭቆ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

ረድኤት፦ አራተኛውን ገና አልነገርከኝም።

ጥላዬ፦ ነገርኩሽ። አይሆንም አልኩሽ።

ረድኤት፦ «አይሆንም» ብዬ ጽፌ ለእንግዳ ማደል አልችልም። ምክንያት ስጠኝ።

ጥላዬ፦ ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ስለ ቢራ ምን አስጻፈው?

ረድኤት፦ አርባ መምህራን ከየቦታው ለስብሰባ ይመጣሉ። በየዓመቱ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያወርዱ «እዚህ ከተማ ጥሩ ቢራ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ኮሚቴው አንድ ገጽ ይዘጋጅለት አለ። እኔ ደግሞ «አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢራ ቀማሽ ነበር» ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ጥላዬ፦ አፍሽን የከፈትሽው አንቺ፣ የምጠጣው እኔ።

ረድኤት፦ ቅር ያለህ አትመስልም።

ጥላዬ፦ ጻፊ። አንደኛው፣ ንጹሕ፣ ሚዛኑን የጠበቀ፣ ከዓሣ ጥብስ ጋር የሚሄድ። ሁለተኛው፣ ጣፈጥ ይላል፤ ለጀማሪ ይሆናል። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ቀስ ተብሎ ይጠጣል።

ረድኤት፦ ጥቁር መሆኑን እኔም አየዋለሁ።

ጥላዬ፦ ማየትም ሙያ ነው። አራተኛው ቀጠን ያለ፣ ነፍስ የሌለው። ከዝርዝሩ ይውጣ።

ረድኤት፦ እርግጠኛ ነህ?

ጥላዬ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት።

ረድኤት፦ አባዬ፣ አንደኛውና አራተኛው የተቀዱት ከአንድ ጠርሙስ ነው።

ጥላዬ፦ ብርጭቆው ይሆናል። በደንብ ያልታጠበ ብርጭቆ ጣዕም ይለውጣል።

ረድኤት፦ ጓዳ ገብቼ ራሴ ነኝ ያጠብኳቸው።

ጥላዬ፦ የዚህ አገር ውሃ እንግዲህ...

ረድኤት፦ አባዬ።

ጥላዬ፦ ተማሪ አልቆብሽ አባትሽን ትፈትኛለሽ?

ረድኤት፦ ጥር ላይ እማዬ ለቅሶ ሄዳ ሳለች እናንተ ዘንድ አዲስ አበባ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል? ሽሮው ማረሩ የሸተተኝ ገና የግቢው በር ላይ ሆኜ ነው። ስገባ ድስቱ ከሰል ሆኗል። አንተ ሁለት እርምጃ ርቀህ ጋዜጣ ታነባለህ።

ጥላዬ፦ ጽሑፉ መስጦኝ ነበር።

ረድኤት፦ ስለ ምን ነበር?

ጥላዬ፦ ስለ ጨረታ።

ረድኤት፦ ምድጃው ሥር የጋዝ ሲሊንደር አለ። እሱ ያፈሰሰ ቀንስ? ከጥር ጀምሮ ደውዬ ስልክ ካላነሳህ ልቤ ቀጥ ይላል።

ጥላዬ፦ ስልኩን የማላነሳው ድምፁን ስለምቀንሰው ነው።

ረድኤት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትህ?

ጥላዬ፦ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ያ ጉንፋን ሁለት ሳምንት ካስተኛኝ ወዲህ። ድኜ ስነሳ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ፤ ሳሙናው ምንም አይልም። «ምን ዓይነት ርካሽ ሳሙና ነው የምትገዢው?» ብዬ እናትሽን ተቆጣኋት።

ረድኤት፦ ከዚያስ?

ጥላዬ፦ ፋብሪካ ገብቼ ብርጭቆ አነሳሁ። ቅዝቃዜው አለ። ጋዙ ምላሴን ይቆነጥጠኛል። ምሬቱም ጣፋጭነቱም አለ። ሌላው ግን የለም። ቤቱ እንዳለ ሆኖ ሰዎቹ ወጥተዋል።

ረድኤት፦ ለምን አልተናገርክም?

ጥላዬ፦ ያልፋል ብዬ። አራት ወር ጠበቅኩ።

ረድኤት፦ አራት ወር ሙሉ በምን ቀመስክ?

ጥላዬ፦ በጉደታ ቅንድብ።

ረድኤት፦ በምን?

ጥላዬ፦ ጉደታ አጠገቤ የሚቀመጠው ቀማሽ ነው። ግራ ቅንድቡ ከተነሳ ቢራው አንድ ነገር ሆኗል። ከንፈሩን ከላሰ ደህና ነው። ቅንድቡን እያየሁ ነጥብ ሰጠሁ። አንድ ቀንም አልተሳሳትኩም። እንዲያውም የዚያን ዓመት ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ ተሸለምኩ።

ረድኤት፦ ታዲያ ለምን ለቀቅክ?

ጥላዬ፦ የጉደታ ሚስት ወለደችና ፈቃድ ወጣ። በማግስቱ አንድ ታንክ ቢራ «ይለፍ፣ አይለፍ፣ ፈርም» ተባልኩ፤ ብቻዬን። ብርጭቆውን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ደግሜ አነሳሁ። ያ ቢራ የሰው ሰርግ ላይ ይቀርባል፣ የሰው ልጅ ይመረቅበታል። እኔ ደግሞ ምን እንደሆነ አላውቅም። እጄ አልፈርም አለኝ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ «ደክሞኛል፣ ጡረታዬን አስቀድሙልኝ» አልኩ።

ረድኤት፦ እኛ ደግሞ «ሰነፍክ» ብለን ሳቅንብህ።

ጥላዬ፦ መሳቃችሁ ይሻለኝ ነበር።

ረድኤት፦ ሐኪም ዘንድስ?

ጥላዬ፦ ተደብቄ ሄጃለሁ። «ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለኝ። ይህንንማ እኔም አላጣውም።

ረድኤት፦ በቃ፣ ገጹ ይቅር። ለኮሚቴው አልተመቸኝም እላቸዋለሁ።

ጥላዬ፦ ለምን ይቀራል? አንቺ አፍንጫ አለሽ አይደል? ሦስተኛውን አንሺ። አትጠጪ፤ አዙረሽ አሽትቺው። ምን ይልሻል?

ረድኤት፦ ቢራ።

ጥላዬ፦ ሁለተኛ ዲግሪሽ በምን ነበር?

ረድኤት፦ በኬሚስትሪ።

ጥላዬ፦ ደግመሽ አሽትቺ።

ረድኤት፦ ቆሎ። ሊያርር ትንሽ የቀረው ቆሎ።

ጥላዬ፦ ከሥሩስ?

ረድኤት፦ ጣፋጭ ነገር... የተቃጠለ ስኳር።

ጥላዬ፦ እንደሱ ነው መሆን ያለበት። ጻፊው። ሁለተኛውን አምጪ።

ረድኤት፦ ይሄ ካርቶን ካርቶን ይላል። ዝናብ የመታው ካርቶን።

ጥላዬ፦ ደግመሽ አሽትቺ። አትቸኩይ።

ረድኤት፦ ካርቶን ነው አባዬ።

ጥላዬ፦ መደርደሪያ ላይ ከርሟል ማለት ነው። ጥፋቱ የቢራው አይደለም፣ ያቆየው ሰው ነው። ከዚህ ቤት አይጠጣ። እኔ «ለጀማሪ ይሆናል» ብዬ አሳልፌልሽ ነበር።

ረድኤት፦ አንደኛው ደግሞ አሁን የታጨደ ሣር ይመስላል። እርጥብ ሣር።

ጥላዬ፦ ሆፕሱ ነው፤ የፈረንጅ ጌሾ በይው። ትኩስ ሲሆን እንደዚያ ይላል። ገጹ ላይ እሱን አስቀድሚው። አራተኛውንም ወደ ዝርዝሩ መልሺው።

ረድኤት፦ አራተኛው አንደኛው ነው።

ጥላዬ፦ እንግዲያው ሁለት ጊዜ ተመርጧል።

ረድኤት፦ ከአንተ ጋር እንደዚህ ተቀምጬ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥላዬ፦ አፍንጫሽ ደህና ነው፤ ያወጣሻል። አንድ ነገር ልለምንሽ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ወጥ በሠራች ቁጥር በጭልፋ ታቀምሰኝና «ምን ጎደለው?» ትለኛለች። ከተጋባን ጀምሮ ነው። ይህን ማጣት አልፈልግም።

ረድኤት፦ አራቱን ብርጭቆ ደርድሪለት ያለችኝ እኮ እሷ ናት።

ጥላዬ፦ እናትሽ?

ረድኤት፦ ጡረታ በወጣህ ሰሞን የተበላሸ ቅቤ ሳታውቅ ዶሮ ወጥ ውስጥ ገብቶባት ነበር። እሷ ቀምሳ ተፋችው። አንተ ግን ሳህኑን ጠርገህ «እጅሽ ይባረክ፣ ምንም አልጎደለውም» አልካት።

ጥላዬ፦ አስታውሳለሁ። ዕንባዋ መጣ። ሽንኩርቱ ነው አለችኝ።

ረድኤት፦ ወጡ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ምን ሽንኩርት አለ?

ጥላዬ፦ ለምን ዝም አለች ታዲያ?

ረድኤት፦ ራስህ እስክትነግራት እየጠበቀች ነው። እንደምታውቅ እንዳልነግርህም አስምላኝ ነበር፤ አሁን አፈረስኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ምን ጎደለው?» የምትልህ ስለ ወጡ ይመስልሃል?

ጥላዬ፦ ትናንት ወደዚህ ስነሳም ጠይቃኛለች።

ረድኤት፦ ምን አልካት?

ጥላዬ፦ «ምንም» አልኳት።

ረድኤት፦ እስከ እሑድ እዚህ ነህ። ሐይቁን አሳይሃለሁ። ቀስ ብለህ ታስብበታለህ።

ጥላዬ፦ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?