የሰዓት ሠሪው ፊርማ

የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ወደ ቢሯቸው ሲያዘግሙ፣ ሊያገኟቸው ከማይፈልጉት ሰው ጋር ግጥም አሉ። አዛውንቱ ሰዓት ሠሪ የሱቃቸውን በር ዘግተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ምነው አባባ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ምን ሥራ አለ ልጄ! ‹ፊርማህ አይመሳሰልም› እያላችሁ ስንት ጊዜ መለሳችሁኝ? የወለድኩት ልጅ እንኳ ‹አእምሮህ ደክሟል፣ ውክልና ስጠኝ› ይለኛል። የገዛ ስሙን መጻፍ ያቃተው እጅ የሰው ሰዓት ይከፍታል?»

ሥራ አስኪያጁ «አይዞዎት፣ ይስተካከላል» ብለው አለፉ። የአዛውንቱ እጅ ምንም እንዳልሆነ ግን አሳምረው ያውቁ ነበር። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ትናንት ጠዋት መጥታ፣ የደንበኞችን የፊርማ ካርዶች ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ በእኚህ ሰው ሂሳብ ላይ የሌላ ሰው ፊርማ ማስገባቷን ነግራቸዋለች። እሳቸውም «አስተካክዪውና አፍሽን ያዢ» ብለዋት ነበር። እንዲህ ያለ ምክር ለመስጠት የብዙ ዘመን ልምድ አያስፈልግም፤ እሳቸው ግን ነበራቸው።

ቢሮ ሲደርሱ ልጅቷ ቆማ ጠበቀቻቸው። እንቅልፍ በዓይኗ የዞረ አይመስልም።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ልደውልላቸው?»

«ልጄ፣ ፊርማው ተስተካክሏል። ሲመጡ ገንዘባቸውን ወስደው ይሄዳሉ። ሰው ባንክን የሚያምነው አይሳሳትም ብሎ ነው፤ ገመናችንን አደባባይ አናውጣ።»

«ባንክ የሰው ሥራ ነው ጋሼ፣ መሳሳቱ አይቀርም። የሚያምኑን ስህተታችንን ስለማንደብቅ ቢሆን አይሻልም? ደግሞ ዝም ብንል እሳቸው ‹ዛሬ እጄ ታዘዘልኝ› ይላሉ እንጂ ባንኩ ተሳስቶ ነበር አይሉም። የእኛን ጥፋት ተሸክመው ሊኖሩ ነው።»

«ቅጣቱ አንቺ ላይ እንደሚያርፍ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፤ ፈርቻለሁም። ግን ባለፈው ወደ መስኮቴ ጠጋ ብለው ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? ‹ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ አእምሮዬን ስቻለሁ?› አሉኝ። እኔ ደግሞ ‹እስቲ ደግመው ይፈርሙ› አልኳቸው።»

«ታዲያ ምን ልንላቸው ነው? ቢጮኹብንስ?»

«ይጩኹ፣ እንስማቸው። ሳናስተባብል፣ ሳንርበተበት፣ የሆነውንና ያረምነውን መንገር፣ በምን እንደጎዳናቸውም መጠየቅ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ?»

ሥራ አስኪያጁ ‹ካፈርኩ አይመልሰኝ› የሚሉ ዓይነት ሰው ነበሩ። ዛሬ ግን ያ የተዘጋ በር ከፊታቸው አልጠፋ አላቸው። ኮታቸውን አነሡና «ነዪ እንሂድ» አሏት።

አዛውንቱ ወደ ሱቃቸው ገብተው ጨለማው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። አዛውንቱ አልጮኹም። እጃቸውን አገላብጠው ካዩት በኋላ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?»

«ዛሬ» ማለት ቀላል ነበር። ልጅቷ አቀርቅራለች። ሥራ አስኪያጁ ግን «ትናንት ጠዋት» አሉ።

አዛውንቱ ባዶውን መደርደሪያ በአገጫቸው አመለከቱ።

«መሣሪያዎቼን የሸጥኩት ትናንት ማታ ነው።»

ባንኩ ወጪውን ችሎ መሣሪያዎቹን አፈላለገ፤ የተገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። የአዛውንቱም ልጅ ውክልና መጠየቁን ተወ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቅርንጫፍ ስህተት በታወቀበት ዕለት ለባለጉዳዩ ይነገራል፤ ስህተቱን ያመነ ሠራተኛ ይታረማል እንጂ አይዋረድም። ስለዚህ ስህተት ገና በእንጭጩ ይያዛል፤ ደንበኛም ባልሠራው ጥፋት ራሱን አይጠረጥርም። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ለሰዓት ሠሪው ግን ዘግይቶ የመጣ ጥሩ ነው።

እሳቸው ይቅር ብያለሁ ብለው አያውቁም፤ ሂሳባቸውንም አልዘጉም። ገንዘብ ሊያወጡ በመጡ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ገብተው ይፈርማሉ። ከዚያ ቀና ብለው «እጄ ደህና ነው አይደል?» ይላሉ።

ሥራ አስኪያጁም ሁልጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው ይመልሳሉ፤ «ደህና ነው አባባ። ጥፋቱ የእኛ ነበር።»