በልጄ ጨርቅ ላይ ያየሁት ደም

ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማችን አራስ ሆኜ ነው። ልጄ በተወለደች በስድስተኛው ቀን አማቴ አጥበው ሰጡኝ። ትንሽ ቆይቼ ጨርቋን ስፈታ ደም! ክው አልኩ። ልጄ አትገረዝም ብዬ ከአማቴ ጋር ስከራከር ነበር የሰነበትኩት።

"እማማ፣ ደብቀው አስገረዟት አይደል?" ብዬ ጮህኩ።

"ኧረ ማርያምን! ማን ነክቷት!" አሉ ደረታቸውን እየመቱ። አላመንኳቸውም። ባሌ ሮጦ የጤና ኤክስቴንሽኗን አመጣት። ልጄን አገላብጣ አየችና ፈገግ አለች።

"ማንም አልነካትም። ሆድሽ ውስጥ ሳለች ያንቺ ሆርሞን ለእሷም ይደርሳት ነበር፤ ትንሹ ማሕፀኗም ይቀበለዋል። ስትወለድ ድንገት ሲቋረጥባት እንዲህ ጠብ ይላል። በጥቂት ቀን ይቆማል፤ ከበዛ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።"

የስድስት ቀን ልጅ ማሕፀን! ኤክስቴንሽኗ ስትወጣ አፍሬ አማቴ እግር ላይ ወደቅኩ። እሳቸው ግን ዓይኔን ማየት አቃታቸው።

"ተነሽ ልጄ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ገራዧን ለነገ ቀጥሬያት ነበር። ይህን ደም ሳይ አንጀቴ አልችል አለ፤ እንዳትመጣ እልክባታለሁ።"

በማግስቱ ማንም አልመጣም። እኔ ግን ልጄን ታቅፌ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም።