የታክሲው ሬዲዮ አዋጅ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ የምርጫው ወሬ አገሩን ባጥለቀለቀበት መጸው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዓብዱልወሃብ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ መጠበቂያ ሜዳ ተራቸው ደርሶ ወደ ተርሚናሉ ወጡ። እንደ ዕድል ሆኖ የደረሰቻቸው ተሳፋሪ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዓለምጌጥ ልጅ ኢልሀም ሆነች። ኢልሀም አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት የምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ምላሷ ከሻንጣዋ ቀድሞ መኪና ውስጥ ገባ።

«አስሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ! ወይ መገጣጠም! እማዬ እኮ መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ ብላ ሥራ ይዟት ቀረች።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ግቢ ልጄ፣ ቶሎ ግቢ፣ ፖሊሱ ሳያየን።»

«ፖሊሱ ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ምንም ሳያደርግ መሄድ ነው የሚሻለው።»

ጋሽ ዓብዱልወሃብ የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት፣ አገሩ ከገቡ ዘጠኝ ዓመታቸው፤ በዲቪ ነው የመጡት። ከሰውም ከአውሬም ፊት የማይሸሹ ሰው፣ በዚያን ሰሞን ግን የፖስታ ሳጥናቸውን ከመክፈታቸው በፊት ግራ ቀኙን ያማትሩ ነበር። የዜግነት ኢንተርቪው ቀጠሮ በኅዳር ደርሷቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊታቸው የሚያልፈው ነጭ መኪና ሁሉ የሚከታተላቸው፣ ስልክ ደውሎ የሚዘጋው ሁሉ የሚያጣራቸው ይመስላቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ!

ሬዲዮው እንደ ወትሮው ተከፍቷል። ሾፌሮቹ «ነጎድጓድ» የሚል ስም ያወጡለት ሰውዬ ያንባርቃል፦ «ጋዜጦቹ የምታለቅስ እናት ፎቶ ያሳዩሃል! የሆስፒታሉን ዋጋ ማን እንደሚሸፍን ግን አይጽፉም! ሕግ ጠብቆ የገባውንና አጥር የዘለለውን በአንድ ስም ይጠሩልሃል! የመንግሥት ድጎማ የወሰደ ስደተኛ ሁሉ ስሙ ተለቅሞ ወደ መጣበት! ሳይመሽብህ ንቃ!»

«ጋሼ፣ ቢቀንሱት?»

«ተይው። የሚመጣብኝን ማወቅ አለብኝ።»

«ምን ይመጣብዎታል? እርስዎ ግሪን ካርድ ያለዎት፣ ግብር የሚከፍሉ ሰው!»

በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ሰኪና ናት። ድምፅዋ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል፤ የሰባት ዓመቷ ጁወይሪያ ደረቷ ማፏጨት ጀምሯል፣ የምትስበው መድኃኒት፣ ኢንሄለሩ፣ ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሆስፒታል ልውሰዳት ወይ?

«ሆስፒታል የለም!» አሉ ጋሽ ዓብዱልወሃብ። «በፈላ ውሃ እንፋሎት አጥኛት። ማንም ስሟን እንዳይጽፍ። እየመጣሁ ነው።»

ኢልሀም ከወንበሯ ወደ ፊት ተንጠራራች። «ጋሼ፣ ጁዩ አስሟ ተነስቶባት ሆስፒታል የለም ማለት ምን ማለት ነው? ኢንሹራንስ አላት አይደል እንዴ? የልጆቹ፣ የስቴቱ መንግሥት የሚሰጠው።»

«ነበራት። ካንስል አደረግኩት።»

«ለምን?»

ሽማግሌው በጣታቸው ሬዲዮውን አሳዩ። ከባለሙያ ጋር የተማከሩ ያህል ነበር አኳኋናቸው።

«ሲናገር አልሰማሽም? ድጎማ የወሰደ ስሙ ይለቀማል ብሏል። በኅዳር ኢንተርቪው አለኝ። ‹ልጅህ የመንግሥት መድኃኒት ስትጠጣ ኖራለች› ቢሉኝስ? እኔን ቢመልሱኝ እሷን ማን ያሳድጋታል? ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። በቃን፣ አመሰግናለሁ አልኩ።»

«ይህን ነገር ሌላ ቦታ አንብበዋል? ጋዜጣ ላይ?»

«ፈለግኩት፤ የለም። ያመንኩትም ያኔ ነው።»

«እንዴት?»

«ጋዜጦቹ ይደብቃሉ እያለ! ከደበቁት አለ ማለት አይደል?»

«እንዲያማ ከሆነ እዚህ እኛ ሰፈር ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ ጅብ አለ ብሎ የጻፈ ጋዜጣ የለም። ታዲያ ጅቡ አለ ማለት ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ጭንቀት አትቀልጂ!»

ኢልሀም አፈረች። በእርግጥ ማፈር ይገባት ነበር፤ የተማረ ሰው ትልቁ ጥፋቱ የሌላውን ፍርሃት እንደ ሞኝነት መቁጠሩ ነውና። የሽማግሌው ፍርሃት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ እሳቸውም አወጡት።

«ስሚ። ዓምና በረመዳን መስጊዳችን ለችግረኛ ምግብ ሲያከፋፍል ሳጥን ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ ተሸከምኩ። አንድ ጋዜጠኛ መጣና ፎቶ አነሳኝ። በማግስቱ ፎቶዬ ወጣ፤ ከሥሩ ምን ይላል? ‹እርዳታ የሚጠብቅ ስደተኛ!› ሰጪውን ለማኝ አደረጉኝ። ሾፌሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ይህ ሰውዬ ‹ጋዜጦቹ ይዋሻሉ› ሲል ብሰማ፣ የሆዴን ነው የተናገረው፤ ወላሂ!»

«በድለውዎታል» አለች ኢልሀም ቀስ ብላ። «ስለ ጋዜጦቹ ሰውየው ከሚለው ብዙው እውነት ነው። እኔም ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ስደተኛ ማለት ለእኛ ለጋዜጠኞች ወይ የሚያለቅስ ነው ወይ የሚታሰር፤ ሥራ ውሎ የሚገባ የለም። በሕግ የገባውንም ካልገባው ሲቀላቅሉት አይቻለሁ። የወጪው ጥያቄም ቢሆን ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ነውር የለውም። ግን ጋሼ፣ ‹ጎረቤቴ ሌባ ነው› ያለ ሁሉ ራሱ ጻድቅ ነው?»

«አይደለም።»

«ጋዜጣውን የሚተች ሰው ትችቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። የራሱን ወሬ ግን ማን መረመረለት? ደግሞ ልጠይቅዎት፤ ይህ ሰውዬ ሹመቱ ምንድን ነው?»

«ሹመቱን እኔ ምን አውቄ። ትልቅ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«መንግሥትን ቀን ሙሉ ሲሰድብ የሚነካው የለማ! ትልቅ ባይሆን ይሄኔ የት በገባ!»

ኢልሀም ልትስቅ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን አየችና ተወችው።

«አንቺ ሬዲዮ ተናገረ ማለት ምን እንደሆነ አታውቂም» አሉ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ እንደተተከለ። «በማርሽ ይጀምራል። ከዚያ ስም ይጠራል። የወንድሜን የጦልሃን ስም ከተረሸኑት መካከል የሰማሁት ደሴ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ በሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ከተናገረ አዋጅ ነው፤ አልሰማሁም ያለ ነው የሚጠፋ። እኔ ሰማሁ። ሰምቼ ልጄን ከመዝገቡ አወጣሁ።»

ኢልሀም በትምህርቷ ስለ ሚዲያ ነጻነት ብዙ ጽፋለች፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላገኘችም። ደግነቱ ነጎድጓድ ራሱ ረዳት። ሰዓቱ ደረሰና ነገሩን ገታ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ዓብዱልወሃብ እንደ ልማዳቸው ሬዲዮውን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ።

«አይንኩት ጋሼ!»

«ማስታወቂያ ነው እኮ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የማጠፋው።»

«ዛሬ ይስሙት።»

ሬዲዮው ቀጠለ፦ «ወገብህን ይዞሃል? ጠዋት ስትነሳ ታቃስታለህ? እኔ ራሴ የምተኛበት ፍራሽ! በዚህ ሳምንት ለሚገዛ ሁለት ትራስ በነጻ! ሳይመሽብህ ደውል!»

«ይሄ ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ነጎድጓድ ነዋ።»

«አይደለም።»

«ድምፁን ይስሙ።»

ሰሙት። ያው ሻካራ ጉሮሮ ነው፤ ያው የሚንቀጠቀጥ ቁጣ፣ ያው «ሳይመሽብህ»። ስም ይለቀም ያለው አፍ ትራስ ያሻሽጣል። ደግሞም ስለ ትራሱ ሲናገር የበለጠ ከልቡ ይመስላል።

«ባለሥልጣን ትራስ በነጻ ይሰጣል እንዴ ጋሼ?» አለች ኢልሀም። «ሰውየው ሹመት የለውም። አስተያየት ያለው ሰው ነው፤ እዚህ አገር አስተያየት ፈቃድ አይጠይቅም። ‹ስም ይለቀም› አለ እንጂ ‹ተለቅሟል› አላለም። ምኞቱን ነው የነገረዎት። ምኞቱን የመናገር መብት አለው፣ እርስዎም የመስማት። ምኞት ግን ሕግ አይደለም። ሕጉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ይጠየቃል። ጁዩ ደግሞ እዚሁ የተወለደች ዜጋ ናት!»

ጋሽ ዓብዱልወሃብ እጃቸውን ሰደው ሬዲዮውን አጠፉ።

«የልጄን ትንፋሽ…» አሉ በመጨረሻ፣ «ለፍራሽ ሻጭ ነው የሰጠሁት?»

«ገና አልሰጡም። ይደውሉ።»

ደወሉ። «ሰኪና፣ ጫማ አልብሻት። ደረጃው ሥር ጠብቁኝ። አዎ፣ ሆስፒታል። ይጻፉ! የፈለጉትን ይጻፉ!»

አንባቢ ሆይ፣ ፍርሃት በክርክር የሚሸነፍ ቢሆን ኖሮ ዓለም ከጠበቆች በቀር ሰው ባልፈለገች ነበር። ሆስፒታሉ ሲደርሱ የጁወይሪያ ከንፈር ገርጥቶ፣ የአንገቷ ጉድጓድ በየትንፋሹ ይሰረጉድ ነበር። የመዝገብ ሠራተኛዋ «የአባት ስም?» ስትል ጋሽ ዓብዱልወሃብ ወደ በሩ ዞር አሉ። እውነት ለመናገር፣ ለአንድ ቅጽበት መውጫውን እየለኩ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ልጅቷ ስትስል ተሰማ።

«ዓብዱልወሃብ» አሉ። ከዚያ አድራሻቸውን፣ ከዚያ ስልካቸውን፣ ሳይጠየቁ የታክሲያቸውን ቁጥር ጭምር ተናገሩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የመተንፈሻ ጭንብል አፍንጫዋ ላይ ሆኖ የጁወይሪያ ደረት ረጋ። ሐኪሟ ወጣ ብላ፣ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ነገሩ ሌላ እንደነበር ነገረቻቸው። ሰኪና ባሏን አንድ ጊዜ አየቻቸውና ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ልጇ ተመለሰች። ጋሽ ዓብዱልወሃብ ለብዙ ሳምንታት ያቺን እይታ ከማንኛውም ቢሮ ደብዳቤ አስበልጠው ይፈሯት ነበር።

ቅዳሜ ኢልሀም አርሊንግተን ወዳለ የነጻ ሕግ ምክር ቢሮ ወሰደቻቸው። ጠበቃዋ የዜግነት ማመልከቻውን ገጽ በገጽ አስነበበቻቸው፤ ስለ ልጅ የጤና ኢንሹራንስ የሚጠይቅ መስመር ፈልገው አጡ። በዚህ ጊዜ ግን «ደብቀውታል» አላሉም። ለጁወይሪያ ኢንሹራንስ እንደገና አመለከቱ፤ ኢንሄለሩም መጣ።

ጋሽ ዓብዱልወሃብ አሳባቸውን ከለወጡ በኋላ ማረፍ አልቻሉም። በታክሲ ሜዳው ሾፌሮቹን ሰብስበው ይሰብኩ ጀመር።

«ሰውየውን ስሙት፤ ጋዜጣ ሲሳሳት ይነግራችኋል፣ ይጠቅማል። ጋዜጣውንም አንብቡ፤ ሰውየው ሲሳሳት ይነግራችኋል። ስለ ልጃችሁና ስለ ወረቀታችሁ ግን ከሁለቱም አትውሰዱ። የሚያውቀውን ሄዳችሁ ጠይቁ። የጠየቀ ልጁ ትተነፍሳለች፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሚስቱ ታናግረዋለች።»

«ጋሽ ዓብዱልወሃብ፣» አለ ይርጉ የተባለው ሾፌር፣ አቀርቅሮ፣ «እኔም የልጆቼን ኢንሹራንስ አቋርጫለሁ።»

«አንተም?»

«እኔም» አለ ከኋላ ሌላው። ከዚያ ሌላው።

በተከታዩ ቅዳሜ ማለዳ አምስት ቢጫ ታክሲዎች ተከታትለው የሕግ ቢሮው በር ላይ ቆሙ። የጥበቃው ሠራተኛ በመስታወቱ አሻግሮ አያቸው። አምስት ባዕድ ወንዶች፣ ሁሉም ወረቀት ጨብጠው፣ አንዳቸውም ሳይስቁ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ሲመጡ እጁ ወደ መገናኛ ሬዲዮው ሄደ። ፊቱ ነጣ።

ጋሽ ዓብዱልወሃብ ያን ፊት በደንብ ያውቁታል። ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ቀደሙና በሚችሉት እንግሊዝኛ አረጋጉት።

«አትፍራ፣ የኔ ወንድም። ለመጠየቅ ብቻ ነው የመጣነው።»