ትንፋሽህን እንዳትስብ
ባዶ ጠርሙስ እያቀለጡ የአበባ ማስቀመጫ ከሚሠሩት ከአቶ ኦጁሉ ዘንድ፣ እዚሁ ጋምቤላ፣ ሙያ ስማር ነው። መጀመሪያ ያስጠነቀቁኝ፣ "በመንፊያው የብረት ቱቦ ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ከሳብክ ግለቱ ሳንባህን ያቃጥልሃል፤ ቱቦውን ማዞር ካቆምክ ጫፉ ላይ ያለው የቀለጠ ብርጭቆ እግርህ ላይ ይፈሳል" ብለው ነበር። አንድ ቀን የጋለውን ብርጭቆ በቱቦው እየነፋሁ ሳለ፣ በዚያ ሁሉ ግለት መሃል በነጠላ ጫማዬ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይሳብ ጀመር።

አቶ ኦጁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አዙር። ንፋ። ወደ ታች እንዳታይ" አሉኝ። አዞርኩ፤ ነፋሁ። "በቃ፣ ሄደ" ሲሉኝ ዞር ብል፣ እንደ ክንዴ የወፈረ እባብ ደጅ ካለው ሣር ውስጥ ሲገባ አየሁ።

"ምነው ሳይነግሩኝ?" ብዬ ጮህኩ።

ቱቦውን ተቀበሉኝና፣ "ብነግርህ ትደነግጥ ነበር። የደነገጠ ሰው ደግሞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ነው የሚስበው" አሉኝ።