ሽንቴ እምቢ ያለኝ ቀን

ሰመራ ላይ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ምጡን የሚያስታግስ መርፌ ጀርባዬ ላይ ተወጋሁ። ዕድሜ ለመርፌው፣ ሕመሙ ጋብ ብሎልኝ በሰላም ተገላገልኩ። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። ፊኛዬ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሽንቴ እምቢ አለ። ነርሷ "መርፌው ፊኛሽን አደንዝዞት ነው፤ ሞክሪ፣ ካልሆነ በቱቦ እናወጣዋለን" አለችኝ። ቱቦ ስትል ከምጡ የባሰ ፈራሁ። መጋረጃ ጋርዳልኝ ፖፖ ላይ አስቀመጠችኝና ባሌን "የውሃ ድምፅ ሽንት ይጠራል፤ ቧንቧውን ክፈትላት" አለችው።

ከፈተው። ውሃው ተንፏፏ፤ እኔ ዘንድ ግን ጠብ የሚል የለም። ከጎኔ አልጋ የተኛችው ፋጡማ፣ ስድስተኛ ልጇን የወለደች የዱብቲ ሴት፣ "ወላሂ እኔን ጠራኝ!" ብላ በነጠላ ጫማ እየተንሸራተተች ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። ባሌ ትንሽ ታገሠ፤ ከዚያ እግሩን እያጠላለፈ "ውዴ፣ መጣሁ!" ብሎኝ እሱም እየሮጠ ወጣ። ነርሷ እንኳ "አንድ ጊዜ" ብላ ተከተለችው። ሁሉም በእኔ ሽንት ፈንታ የራሱን ሊሸና ሄዶ እኔ ፖፖዬ ላይ ብቻዬን ቀረሁ! ሳቄ መጣ። ሆዴን ይዤ ስንፈቀፈቅ፣ የተዘጋው ሁሉ ድንገት ተለቀቀ። "መጣ! መጣልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ስትመለስ የሰማችኝ ፋጡማ እልልታዋን አቀለጠችው።

ባሌ ቀበቶውን እያጠበቀ ሮጦ መጣና በሩ ላይ ቆሞ "ደግሞ ምን ወለደች?" አለ።

"ሽንት!" አለችው ፋጡማ፤ "ማሻአላህ፣ ብዙ ነው!"